ከተኳረፉት ሰው ጋር እንዴት ይታረቃሉ?

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስድስት ዓመት ተኳርፈን ኖረናል። እኔ ደብረ ማርቆስ፣ እሱ ከብቸና ወጣ ብላ ባለችው የትውልድ ቀበሌያችን። ሩቅ አልነበርንም፤ ጠዋት መኪና የተሳፈረ ሰው ለምሳ ይደርሳል። በእነዚያ ዓመታት ሁለተኛዋ ልጁ ስትዳር ወሬውን የሰማሁት ከገበያ ከሚመለስ ሰው ነው። እናታችን ታማ በተኛችበት ወቅት አንዳችን በፊት ለፊት በር ስንገባ ሌላችን በጓሮ እንወጣ ነበር። እሷ ይህን ሁሉ አልጋዋ ላይ ሆና ታያለች።

ዛሬ ታርቀናል። ከዚያ ወዲህ እኔም አልፎ አልፎ ለሽምግልና እየተጠራሁ እቀመጣለሁ። እዚያ የማየው ነገር ያሳዝነኛል። ብዙ ሰው መታረቅ ይፈልጋል፤ አካሄዱን ስለማያውቀው ግን ነገሩን ያበላሸዋል። አንዱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ በአዲስ ጠብ ይመለሳል። ሌላው ሰርግ ቤት ጠጅ ከቀመሰ በኋላ ያነሣውና ሙሽሮቹን ያስደነግጣል። ሌላዋ "እሷ ትምጣ" ብላ ስትጠብቅ የልጆቿ ልጆች ሳይተዋወቁ ያድጋሉ። ስለዚህ ከራሴም ከሌሎችም ያየሁትን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልለይ። ይህ አሠራር ለወንድማማች፣ ለጎረቤት፣ ለአበልጅ፣ ለባልንጀራ ቅያሜ ነው። ደም የፈሰሰበት ነገር የራሱ ሥርዓትና የራሱ ሕግ አለው። በቤቷ የምትደበደብ ሴትም "ትዳር ነው፣ ቻይው" ተብላ ወደዚያው ቤት መመለስ የለባትም። በመጀመሪያ እሷንና ልጆቿን ከአደጋ ማራቅ ይገባል፤ ሽምግልና ያንን አይተካም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሽማግሌዎች ሲሳሳቱ ስላየሁ ነው።

አንደኛ፦ ነገሩን በወረቀት ላይ ያውርዱት

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ለብቻዎ ይቀመጡ። ወረቀቱን መሐል ለመሐል ያስምሩት። በቀኝ በኩል ያ ሰው ያደረገውን፣ በግራ በኩል እርስዎ ያደረጉትን ይጻፉ። የሚጻፈው ዓይን ያየውና ጆሮ የሰማው ብቻ ነው። "ናቀኝ" ተብሎ አይጻፍም፤ ንቀት በሰው ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ማንም አላየውም። "ድግስ ሲደግስ ሳይጠራኝ ቀረ" ተብሎ ይጻፋል። "ቀናብኝ" አይጻፍም፤ "ላሜ ስትጠፋ ፍለጋ አልወጣም" ይጻፋል። መጀመሪያ ሲሞክሩት ከባድ ነው፤ ብዙው ቅያሜያችን የተሠራው ካየነው ሳይሆን ከገመትነው ስለሆነ ወረቀቱ በቶሎ አይሞላም።

እኔ በቀኝ በኩል መጀመሪያ የጻፍሁት "የአባቴን ሀብት በላ" የሚል ነበር። ሰርዤ እንዲህ አልሁት፦ "አባታችን የተከለውን የድንበር ባሕር ዛፍ ሳይነግረኝ ለነጋዴ ሸጠ።" የግራው በኩል ብዙ ቀን ባዶውን ዋለ። ከሰነበተ በኋላ አንዲት መስመር ጻፍሁ፦ "በአባታችን ተዝካር ላይ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሌባ አልሁት።"

ያን መስመር መልሼ ሳነበው የገባኝን ነገር ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ በላይ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠባችን የባሕር ዛፍ ጠብ ይመስለኝ ነበር። ለእሱ ግን ባሕር ዛፉ ከነጭራሹ አይታየውም፤ የሚታየው ያቺ ቃልና ቃሏን የሰሙት ሰዎች ናቸው። አንድ ጠብ ለሁለት ሰዎች ሁለት ስም አለው። እኔ "ዛፉን ትቼልሃለሁ" ብዬ ሺህ ጊዜ ብልክበት ከጠቡ ጋር አልገናኝም ነበር፤ የእሱን ጠብ ገና አልነካሁትምና። "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማም ሥሩ ለእኔና ለእሱ በተለያየ ቦታ እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ከወረቀቱ ግርጌ አንዲት ጥያቄ ይጻፉ፦ ያ ሰው ይህን ጠብ ሲያስብ በዓይኑ የሚመጣበት ምንድን ነው? መልሱን ካላወቁ አይገምቱ፤ ለእሱ ቅርብ የሆነ፣ ወሬ የማያዛምት ሰው ይጠይቁ። እኔ አክስታችንን ጠየቅኋት። ስንዴ እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል "ዛፉን የሸጠው ለተዝካሩ እኮ ነው። አንተ የላክሃት ብር ለጌሾውም አልበቃች" አለችኝ። ስድስት ዓመት ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ይምረጡ

በጎጃም ገጠር ላለ ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው፤ ሰው ልቡም እጁም አውድማ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እርሻው፣ አረሙና ጭቃው አለ። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ያለው ጥርና የካቲት ይመቻል፤ ሰው ጠግቧል፣ ጊዜም አለው፣ ሽማግሌም አይጠፋም። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያለው የቅበላ ሰሞን፣ ፍልሰታና ጳጉሜን ደግሞ ሰው ራሱ ይቅር ለመባባል የሚያዘነብልባቸው ወቅቶች ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 23 እና 24 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውን ቃል ካህኑ ሲያነብ የሰማ ሰው፣ በማግሥቱ ሽማግሌ ቢመጣበት በሩን መዝጋት ይከብደዋል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከወንድም ጋር ከሦስት ሌሊት በላይ መኳረፍ እንደማይፈቀድ ከነቢዩ ሐዲስ ያውቃሉ፤ ከእነሱ ጋር ለሚደረግ ዕርቅ ረመዳንና የዒድ ሰሞን መልካም ነው።

ሰርግ ቤት፣ ገበያ ቀንና መጠጥ የቀረበበት ቦታ አይሆንም። ለቅሶ ቤት ሂደው አብረው ያልቅሱ፤ የዕርቅ ነገር ግን እዚያ አያንሡ። ያዘነ ሰው እሺ የሚለው ለመከራከር አቅም ስላጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው እሺታ አርባው ሳይወጣ ይፈርሳል።

ሦስተኛ፦ ራስዎ ይሂዱ ወይስ ሽማግሌ ይላኩ?

ጠቡ ትኩስ ከሆነ፣ በሁለታችሁ መካከል ብቻ የተነገረ ከሆነና ገንዘብ ወይም መሬት ካልገባበት ራስዎ ይሂዱ። በማለዳ፣ ባዶ እጅዎን፣ ብቻዎን። ስጦታ ይዞ መሄድ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውየው ገና ሳይሰማዎት ተቀባይ ያደርገዋል፤ እምቢ ለማለት ነጻ አይሆንም።

ነገሩ ከሰነበተ፣ ሰው ፊት ስድብ ከተነገረበት ወይም ንብረት ካለበት ግን ሽማግሌ ያስፈልጋል። በአደባባይ የተዋረደ ሰው ክብሩ መመለስ ያለበት በምስክር ፊት ነው። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አምስትም ይሆናል። ከዚያ ከበዛ ሸንጎ እንጂ ሽምግልና አይሆንም። ከሦስቱ አንዱ ያ ሰው ራሱ የሚያከብረው ይሁን፤ የእርስዎ ወዳጅ መሆኑ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ሌላው የሁለታችሁም ዘመድ ያልሆነ፣ ከነገሩ ምንም የማይጠቀም ይሁን። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የንስሐ አባት ነው። ሀብታምነትን ወይም አንደበተ ርቱዕነትን አይመልከቱ፤ ከዚህ በፊት የሌላ ሰው ነገር ይዞ ሳያወጣ የቀረ ሰው መሆኑን ይመልከቱ። ሽማግሌነት በልማድ የወንዶች ሆኖ ቢቆይም፣ መንገዱን የሚያለዝቡት ብዙ ጊዜ እናቶችና አክስቶች ናቸው። የእኔን ጉዳይ ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ግማሹን የጨረሰችው ያቺው አክስቴ ናት። በዘመኔ ካየኋቸው ሸምጋዮች ከእሷ የሚበልጥ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲሄዱ እምቢ ቢባሉ አይደንግጡ። ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን "እሱን ተዉት፣ እናንተ ግን ግቡና ቡና ጠጡ" አላቸው። አልገቡም፤ ቆመው መርቀውት ተመለሱ። ጉዳያቸው ሳይሰማ አለመቀመጣቸው ራሱ መልእክት ነው። በሁለተኛው ቀን እንደዚሁ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ ጠበቀቻቸው።

ሩቅ አገር ላሉ፣ መንገድም ለማይመቻቸው፣ ስልክ አለ። ድምፅ ይሰማ እንጂ በጽሑፍ መልእክት ይቅርታ አይጠየቅ። ጽሑፍ ቃናውን አንባቢው ነው የሚሰጠው፤ የተቀየመ ሰው ደግሞ ሁሉንም በቁጣ ያነበዋል። በተጨማሪም መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

አራተኛ፦ የሚሉትን ያዘጋጁ

ብዙ ዕርቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው "ካስቀየምሁህ ይቅርታ" የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ማጥፋቱን ገና አላመነም፤ "ካ" የምትለዋ ፊደል ጥርጣሬዋን ይዛ ትገባለች። ሰሚው የሚሰማው "ተቀየምሁ የምትለው አንተ ነህ" የሚል ነው። "ይቅርታ፣ ግን አንተም" የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ከ"ግን" በፊት የተባለው ሁሉ ይጠፋል። "ስሕተት ተፈጥሯል" የሚለው ደግሞ ባለቤት የለውም። ስሕተቱን ማን ፈጠረው? "ያለፈው አለፈ" ማለት የሚችለው የተበደለው ብቻ ነው፤ በዳዩ ሲለው ሌላ በደል ይሆናል።

የሚሠራው አጭር ነው። ያደረጉትን በስሙ ይጥሩት፤ ምን እንዳደረሰ ይናገሩ፤ ምን ሊያደርጉለት እንደሚችሉ ሰውየውን ይጠይቁ፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። እኔ ያልሁት ይህ ነው፦

"አያ፣ አጥፍቻለሁ። በአባታችን ተዝካር ላይ ሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ። አንተ ያን ቀን ዘመድ ለማብላት ነበር የምትሮጠው፤ እኔ አዋረድሁህ። ልጆችህም ሰምተዋል። ምን ላድርግልህ?"

ስለ ባሕር ዛፉ አንዲት ቃል አላነሣሁም። ለማንሣት ምላሴን በልቶኝ ነበር፤ ነገር ግን እኔ የሄድሁት የእኔን ጥፋት ይዤ ነው፤ የእሱን እሱ ካመጣው ያመጣዋል። ቀድመው ብቻዎን ሆነው ጮክ ብለው ይለማመዱት። ሦስት አራት ጊዜ ካሉት በኋላ "ግን" የምትመጣበትን ቦታ ያገኙታል፤ እዚያ ላይ መቆም ይማራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለእኛ ለጎጃሞች። አገራችን የቅኔ አገር ናት፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጉባኤ ቤቶች የወጣው የሰምና ወርቅ ልማድ ቅኔ ባልተማርነው ሰዎች አንደበት ሳይቀር ሠርጿል። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲወቅስ እንኳ በቀጥታ አይወቅስም፤ ስለ በሬው ወይም ስለ አጥሩ የሚያወራ መስሎ ሆድ ይወጋል። በዘወትር ጨዋታ ይህ ውበት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። በዕርቅ ቀን ግን ሰምና ወርቅ አይነገርም። ሰሚው ለስድስት ዓመት የንግግርዎን ሥር ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው፤ "ቤትህ አምሯል" ብትሉት እንኳ ወርቁን ይፈልግበታል። ዕራቁቱን የቆመ ቃል ብቻ ይናገሩ።

አምስተኛ፦ በዕርቁ ቀን

ጥሩ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አስቀድመው ለየብቻ ያዳምጣሉ፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ ማንም አዲስ ነገር አይሰማም። ሽማግሌዎችዎ ይህን ካላደረጉ እንዲያደርጉ ይጠይቁ።

ያ ሰው ሲናገር ቀን፣ ዋጋ፣ የሰው ስም ቢሳሳት አያርሙት። ወንድሜ ተዝካሩ የዋለበትን ቀን ተሳስቶ ጠራው፤ ከአፌ ሊያመልጥ ሲል ያዝሁት። እሱ የሚያወጣው ስድስት ዓመት የያዘውን ነው፤ የቀን መቁጠሪያ እያረምሁ ባቋርጠው ኖሮ ተመልሶ ይውጠው ነበር። እስኪጨርስ ይጠብቁ። ጨርሶ ዝም ሲል ደግሞ ወዲያው አይመልሱ፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነገር የሚወጣው ከዝምታው በኋላ ነው።

ሽማግሌዎች "አንተም ተው፣ አንተም ተው" ማለት ይቀናቸዋል። ጥፋቱ ተቀራራቢ ሲሆን ይህ ጥበብ ነው። ጥፋቱ የአንድ ወገን ሲሆን ግን ግፍ ነው፤ የተበደለው ሰው ያልሠራውን እንዲተው ይጠየቃል። በእኔ አስተያየት ሽምግልና በወጣቶች ዘንድ እየቀለለ የመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዳይ ከሆኑ ይህ ንግግር ሲጀመር ራስዎ ያቁሙት፤ "አባቶቼ፣ የዚህ ጥፋት የእኔ ነው" ይበሉ። ከአንድ ሰዓት ልመና ይበልጣል።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ የሚመጣው ጥፋቱ ሲከብድ ወይም የተበደለው ታላቅ ሲሆን ነው። ሽማግሌዎቹ ካዘዙዎት ያድርጉት፤ በራስዎ ፈቃድ ግን ለታይታ አይሸከሙ። እኔን ከአጥሩ ሥር አንዲት ድንጋይ አንሥቼ በጫንቃዬ እንድይዝ ነገሩኝ። ትልቅ ዳቦ የምታህል ናት፤ ከሥሯ የነበረው እርጥብ አፈር በአንገቴ ወረደ። ከበሩ እስከ መደቡ ስድስት እርምጃ ብትሆን ነው። ገና ጉልበቴ መሬት ሳይነካ ወንድሜ ተነሥቶ ድንጋይዋን በሁለት እጁ ወሰዳት። አልጣላትም፤ ቀስ አድርጎ ከመደቡ ጥግ አስቀመጣት። ከዚያ በአንገቴ ላይ የቀረውን አፈር በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ስድስተኛ፦ ካሳና ወረቀት

ቃል ብቻውን ያለፈ ወጪ አይመልስም። ገንዘብ ካለበት በዚያው ቀን ስንት፣ መቼ፣ በማን በኩል እንደሚከፈል ይወሰን። እኔ ለተዝካሩ ከወጣው ግማሹን በሁለት ጊዜ ለመክፈል ተስማማሁ፤ የመጀመሪያውን እዚያው ሰጠሁ፣ ሁለተኛውን ዕቁቤ ሲደርሰኝ። ወንድሜ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን አስቀበሉት፤ ልክ ነበሩ። ያልተከፈለ ነገር ለአንድ ክፉ ቀን መጥቀሻ ሆኖ ይቀመጣል።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ በሦስት ቅጂ፣ ለሁለቱ ወገኖችና ለሽማግሌዎቹ፣ ቀንና የምስክሮች ፊርማ ያለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ስለ ዕርቅ ስምምነት ይደነግጋል፤ ሰዎች ክርክራቸውን በስምምነት ከቋጩ ስምምነቱ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5ም የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በባህላዊ ወይም በሃይማኖታዊ ሕግ እንዲዳኙ በር ይከፍታል፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው። "ከፈቀዱ" የምትለዋን ቃል ሽማግሌዎች ሁሉ ቢያስታውሷት ደስ ይለኛል፤ ተገድዶ የታረቀ ሰው አልታረቀም። የመሬት ወሰን ካለበት ደግሞ ወረቀቱ በሽማግሌዎች እጅ ብቻ አይቅር፤ የቀበሌው መሬት አስተዳደር እንዲያውቀውና ከይዞታ ደብተሩ ጋር እንዲገናዘብ ያድርጉ።

ሰባተኛ፦ አብሮ መብላት

ዕርቅ በማዕድ ይታተማል። በግ ከማረድዎ በፊት ግን ቀኑን ይዩ፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ጾም ከገባ፣ ሽሮውና ምስሩ ይዘጋጅ። ድግሱ አይብዛ፤ ዕርቅ ሰርግ አይደለም። ሁለቱ ከአንድ ትሪ ይብሉ፤ ቢጎራረሱ መልካም ነው፣ ማንም ግን አያስገድዳቸው። ቡናው ሦስቱም ይጠጣ። በአቦል ላይ ሰው ገና ይፈራራል፤ በቶና ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ይወራል፤ እኛ ቤት ወንድሜ የልጁን ሰርግ ማውራት የጀመረው በረካ ሲቀዳ ነው። ቀድመን ብንነሣ ኖሮ ያን አልሰማም ነበር።

ስምንተኛ፦ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ዕርቁ ካለቀ በኋላ ወደ ቤት ተመልሶ ዝም ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ዝምታው ጥርጣሬ ያፈራል፤ ሁለቱም "ተጸጸተ እንዴ?" ማለት ይጀምራሉ። በሦስት ቀን ውስጥ ይደውሉ፤ ስለ ዕርቁ አያንሡ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቁ። በወር ውስጥ ያለ ምክንያት አንድ ጊዜ ሄደው ይጠይቁት።

ብድር ወይም ውለታ አይጠይቁ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ዕርቁን ለሌላ ሰው አይተርኩ፤ በተለይ እሱ ያለቀሰ እንደሆነ። እኔ እዚህ የጻፍሁትን ወንድሜን አስፈቅጄ ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን አብሮ መሥራት ነው። ሰው አጠገብ ለአጠገብ ሆኖ እጁ ሥራ ሲይዝ ዓይን ለዓይን መተያየት አይጠበቅበትም፤ ንግግርም ሳይጠራ ይመጣል። በገጠር ወንፈልና ደቦ አለ። እኔ በዚያው ክረምት መጨረሻ ሁለት ቀን የጤፍ አረም ላይ ዋልሁ። ከተማ የለመደ ወገቤ ተንቀጠቀጠ፤ የወንድሜ ልጆች ግን አጎት እንዳላቸው ያወቁት እዚያ ማሳ ላይ ነው። ከተማ ላለ ሰው አጥር ማደስ፣ ውሃ ማውረድ፣ ለእድር ድንኳን አብሮ መትከል ያንኑ ያህል ይሠራል።

ልጆቹን አይርሱ። ጠቡን ከወላጆቻቸው ሰምተው ያደጉ ናቸው፤ ዕርቁን ግን ማንም አይነግራቸውም። ወንድሜን ሌባ ስለው የሰማው ትልቁ ወንድ ልጁ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ቀጥሎ ለብቻው ወስጄ "ያን ቀን ስለ አባትህ የተናገርሁት ውሸት ነበር" አልሁት። መልስ አልሰጠኝም። ማታ ግን ጫማዬን ከደጅ አንሥቶ ዝናብ እንዳይነካው ወደ ውስጥ አስገባልኝ።

እምቢ ካለስ?

ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተልኮ እምቢ ከተባለ ያቁሙ። አራተኛው ልመና መሆኑ ቀርቶ ማስጨነቅ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ በሩን ሳይዘጉ እንዲመለሱ ይንገሯቸው፤ "በፈለግህ ቀን እኛ አለን" ብለው። ካሳ ካለብዎት ዕርቁን ሳይጠብቁ በሽማግሌዎቹ እጅ ይላኩ፤ ዕዳ ነውና። ወረቀትዎን አይቅደዱት። በግራ በኩል ከጻፉት ውስጥ ለሌላ ሰው ተናግረው ስሙን ያጠፉበት ነገር ካለ፣ ለዚያ ሰው "ተሳስቼ ነው የነገርሁህ" ይበሉት፤ ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም።

በመንገድ ሲያገኙት ቆም ብለው፣ ኮፍያ ካለ አውልቀው፣ "እንደምን ዋሉ" ይበሉት። ባይመልስም ይበሉት። ለቅሶ ቢደርስበት ከቀባሪው ጋር ይሂዱ፤ ከኋላ ይቁሙ፤ ሳይታዩ አፈር ያልብሱና ይመለሱ። ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ በኋላ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ሲቆጥር ስምዎ ይነሣል።